አልነጣ ያለው ወረቀት

ለምወድሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስለቅስሻል? ዓይንሽስ? መነጽሩን ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ድሮው መሳቢያ ውስጥ አስተኝተሽዋል? አባዬ እንዴት ነው፣ ሳሉ ተወው? እህቴስ ሆዷ የት ደረሰ? ባለፈው በላካችሁልኝ ፎቶግራፍ ላይ በበሩ በጎን ካልሆነ የምትገባ አትመስልም። እኔ በጣም ደህና ነኝ። «በጣም» ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ከታች የምጽፈውን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ አስቀድመሽ ይሄን ያዢልኝ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ።

ደብዳቤውን የምታነብልሽ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ ለፍላፊ፣ ዛሬ ከራስሽ እየጨመርሽ እንዳታነቢ፤ አንድም መስመር ደግሞ እንዳትዘይ፣ ስላንቺ ነውና። አባዬን ጥሪው፣ አጠገብሽ ይቀመጥ። ባልሽንም ከመኪና ሥር አስወጪው፤ መካኒክ ቢሆንም ለአንድ ሰዓት ያለሱ ዓለም አይቆምም።

ስልክ ደውዬ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር እማዬ። ግን አንቺ ስልክ ላይ «ደህና ነሽ? በይ እሺ፣ ሒሳብሽ ይቆጥራል» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ወደ እናንተ ለሚመጣ ሰው ይሄን ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። አብሮት አንድ የሐኪም ወረቀት አለ። እሱን እንዳትጥሉት።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበሽ «ልጄ እዚያ ሐኪም ሆናለች» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ኧረ ተይ እማዬ! ሰው ታስጨርሺኛለሽ። እኔ የምሠራው ሐኪሞች የሚገለገሉበትን ዕቃ የሚገጣጥም ቤት ውስጥ ነው። ዕቃዋ ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ተለቅ የምትል ነጭ ፕላስቲክ ናት። ሆዷ ውስጥ አንዲት ሞላና አንዲት ቅንጣት ምላጭ አሉ። ክንድ ላይ አስደግፈሽ ቁልፏን ስትጫኚ ምላጯ ብቅ ብላ ትመለሳለች፤ ዓይንሽን ብትጨፍኚ አታዪያትም፣ ብታፈጪም አታዪያትም። የምትተወው ጭረት የድመት ግልገል ከቧጨረችሽ አይበልጥም። ቁም ነገሩ ጭረቱ አይደለም፤ ከጭረቱ የሚወጣው ደም ምን ያህል ጊዜ ቆይቶ ይቆማል የሚለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክንድሽ ላይ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ታስሮ በስሱ ይነፋል። ጭረቱ ሲወጣ የሩጫ ሰዓት ይጫናል። ከዚያ በየግማሽ ደቂቃው ደም የሚመጥ ክብ ወረቀት የደሙን ዳር ዳር ያስነኩታል። ቁስሉን መንካት ክልክል ነው፤ መጥረግማ ጭራሽ የማይታሰብ! ከተነካ የረጋው ይነሳና ልኩ ይበላሻል። ወረቀቱን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ስለሚያስነኩት ቀይ ነጠብጣቦቹ እንደ ሰዓት ቁጥር ዙሪያውን ይሰለፋሉ፤ መጀመሪያ ትልልቅ፣ ቀጥሎ ምስር የሚያህሉ፣ ቀጥሎ የመርፌ ጫፍ። ወረቀቱ ነክቶ ነጭ ሆኖ ሲነሳ ሰዓቱ ይቆማል። ነገሩ ይኸው ነው። የኔ ድርሻ ሞላዋን በወረንጦ ይዤ ቦታዋ ላይ ማስቀመጥ ነው። ክፉ ነገር ናት፤ ትንሽ ከተዘናጋሽ ተፈናጥራ ጣሪያ ትመታለች። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከጸጉሬ ውስጥ ሳይቀር ትለቀም ነበር።

አለቃችንን በቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ነው የምንለው። እሱም ያውቃል፣ እየሰማ እንዳልሰማ ያልፈናል። በቅርቡ ሞላ የሚያቀርብልን ድርጅት ተለወጠ። ሞላ ሲለወጥ ምላጩ ከልኩ አልፎ እንዳይጠልቅ፣ ሳይደርስም እንዳይቀር፣ ዕቃው በጎማ ላይ ከተፈተሸ በኋላ በሰው ክንድም ይሞከራል። ማንም አይገደድም። የፈቀደ ይፈርማል፣ ነርስ ትሠራለታለች፣ ከሰዓት በኋላ ያርፋል። እኔ ደግሞ ዕረፍት የሚል ቃል ስሰማ እጄ ቀድሞኝ እንደሚነሳ ታውቂያለሽ።

ከኔ በፊት የተሞከረባቸው ሁሉ የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ወረቀታቸው ነጣ። የኔ ተራ ሲደርስ ነርሷን ስለ ልጇ እየጠየቅኳት ነበር። አንዱ ወረቀት ዙሪያው በነጠብጣብ አለቀ። ሌላ አመጣች። ነጠብጣቡ ማነስ ሲገባው ያው ነው። እሱም አለቀ። ስለ ልጇ መመለስ አቆመች። ሌላ ጨመረች፤ ወረቀቱ ወይ ፍንክች፣ አልነጣም። በመጨረሻ ሰዓቱን አቁማ፣ ጨርቁን አላልታ፣ ክንዴን ወደ ላይ አንስታ በፋሻ ግጥም አድርጋ አሰረችኝና ይብቃ አለች። እኔ ምኑም አላሳሰበኝም። ዕረፍቱ ግን አለኝ አይደል ብዬ ጠየቅኳት።

ሽቦ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ሞላው ኃይለኛ ሆኖ ምላጩ ጠልቆ ገብቷል ብሎ የአዲሱን ሞላ ሥራ በሙሉ አስቆመ። የተሞከረችብኝ ሳጥን ደግሞ እኔው ራሴ የገጣጠምኳት ሆና አረፈችው! እማዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፤ ስለ ክንዴ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ፣ ሁሉም ጣቶቼን ያያል። ትሪዎቼ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ምላጩ በአጉሊ መነጽር ታየ፣ ሞላው ተለካ። ደህና። ሁሉም ደህና። ሽቦ ግን ልቡ አላረፈም፤ አጉሊ መነጽሩንም ልፈትሽ ሊል ምንም አልቀረው። ያን ዕረፍት የተባለ ነገር ግድግዳ ሳይ ነው የጨረስኩት።

በማግስቱ ሽቦ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ከኔው ትሪ ላይ፣ ከኔዋ ሳጥን ጎን የነበረችውን አስመጣ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ የወንበሩን እጀታ ጨበጠ። ወረቀቱ ወዲያው ነጣ። እሱ ግን ዓይኑን እንደጨፈነ ነው፤ ቆይቶ አንዱን ገለጥ አድርጎ «ጀመራችሁ?» ሲለን ሳቅ በሳቅ ሆንን። ነርሷ አልሳቀችም። ወደ ጥግ ወሰደችኝና በሌላኛው ክንዴ ላይ በድሮው ሞላ የተሠራችውን ሞከረች። ያው ነው፣ ወረቀት በወረቀት። ከዚያ እጄን ይዛ መሣሪያው አልተሳሳተም እኮ አለችኝ፣ በቀስታ። ታምኚኛለሽ? መጀመሪያ ደስ አለኝ! ጣቶቼ ነጻ ወጡ ብዬ። የነገሩ ትርጉም የገባኝ የደም ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ስትነግረኝ ነው።

ሐኪሟ በዕድሜ አንቺን የምታህል፣ ቁጡ የምትመስል ግን ሆደ ቡቡ ሴት ናት። ያቺን የኛን ሳጥን ብዙም አላከበረቻትም። ጠቋሚ ናት እንጂ ፈራጅ አይደለችም፣ ክንድሽን ቢበርደው እንኳ ልኩ ይለወጣል አለችኝ። ሽቦ ይሄን ቢሰማ አልጋ ይይዛል። ደሜን ቀድታ ወደ ቤተ ሙከራ ላከችውና ትናንት ውጤቱን ነገረችኝ። ደም ውስጥ ቀዳዳ ሲገኝ እያያያዘ የሚደፍን፣ ሙጫ ነገር አለ። በኔ ደም ውስጥ ያ ነገር ያንሳል። ስሙ ረጅም ነው፣ ምላሴ ገና አልለመደውም፣ ወረቀቱ ላይ አለ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከወላጅ ወደ ልጅ ግን ይወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው የሚኖር ብዙ ነው፤ የሚያስቸግረው ጥርስ ሲነቀል፣ ቢላ ሲያርፍበት፣ ሴት ስትወልድ ነው። መድኃኒትም አለው። ይሄን የመጨረሻውን ደግመሽ አንብቢላት እህቴ፤ መድኃኒት አለው።

ቀጥላ በቤታችሁ ነስር የሚበዛበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሳቄ መጣ። የኛን ቤት! እህቴ በነሰራት ቁጥር ትራስ ልብስ የሚዘፈዘፍበትን ቤት! አባዬ «እነዚህ ሴቶች አፍንጫ ሳይሆን ቧንቧ ነው የተተከለላቸው» የሚልበትን ቤት! አንቺ ጥርስሽን የተነቀልሽ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ነክሰሽ በእጅ ምልክት ስትቆጪን የዋልሽው ትዝ ይልሻል? የወር አበባዬ የመጣ ሰሞንስ፣ ፈርቼ ስነግርሽ ጸጉሬን እየዳበስሽ «የኛ ቤት ሴት እንዲህ ናት፣ ደማችን ብዙ ነው» አልሽኝ። እኔማ ኮራሁ! የክፍሌ ልጆች በሁለት ሦስት ቀን እንደሚያበቃላቸው ስሰማ ደማቸው ትንሽ የሆነ ምስኪኖች ብዬ አዘንኩላቸው። ልወቅስሽ አይደለም እማዬ፣ አደራ። አንቺንም እናትሽ እንዲሁ ብላሽ ነው። ሁላችንም እንዲህ ስለሆንን ሰው ሁሉ እንዲህ መሰለን።

ከዚያ ሐኪሟ ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት ያረፈች ሴት በቤተሰቡ ውስጥ አለች ወይ አለች። ሳቄ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ታናሽ እህትሽ፣ አክስቴ ትዝ አለችኝ።

አንቺ አውርተሽኝ አታውቂም። የነገረኝ አባዬ ነው፣ እኔ ወደዚህ ልመጣ ስነሳ፤ አትቆጪው። በሰላም ወለደች፣ ሁሉም እልል አለ፣ አዋላጇም በደህና ተገላግላለች ብላ ሄደች። ቀናት አለፉ። አንዱን ቀን አንቺ የሕፃኑን ልብስ ልታሰጪ ጓሮ ወጥተሽ ስትመለሺ ፍራሹ እስከ ወለሉ ርሶ አገኘሽው። እኔ ያኔ ጡት እጠባ ነበር። አንዱን ጡት ለኔ አንዱን ለልጇ ሰጥተሽ አሳደግሽን፤ ይኸው ሹፌሩ ወንድማችን እሱ ነው። አንቺ ግን «ሳልወጣ በቀረሁ» እያልሽ ስንት ዓመት። ፀሐይ እንዲያ እያቃጠለ ልብሳችን ቤት ውስጥ የሚሰጣው ለዚህ መሆኑን እኛ ምን እናውቃለን? በእርጥብ አንሶላ መሐል ድብብቆሽ እንጫወት ነበር። እናታችን ልብስ ጓሮ ብታሰጣ ሌባ ይወስደዋል ብላ ትፈራለች ብለን ስቀንብሻል።

ሁሉንም ለሐኪሟ ነገርኳት። የሞተን ሰው ደም አልመረመርኩምና አልምልም፣ ነገር ግን የነገርሽኝ ሁሉ ወደዚሁ ያመለክታል አለች። ያ ሙጫ ሴት ስታረግዝ በራሱ ከፍ ይላል። ስለዚህ በምጧ ሰዓት ደህና ትመስላለች። ከወለደች በኋላ ነው ተመልሶ የሚወርደው፤ ሰው ሁሉ አበቃ ብሎ እፎይ ባለበት ሰዓት። ያኔ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ነው፣ ሲብስም ደም። ከዚያ የተናገረችውን አስደግሜያታለሁ፣ ቃል በቃል እንዲደርስሽ ብዬ። «እናትሽ አጠገቧ ተቀምጣ ብትውልም ኖሮ፣ እህቷን የሚያድናት ነገር እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም» ነው ያለችው። ሰማሽኝ እማዬ? ጓሮ በመውጣትሽ አይደለም። ብትወጪም ባትወጪም ያው ነበር። እህቴ፣ እዚህ ጋ ንባቡን ተዪውና እቀፊያት። ታልቅስ። ዝም በይ አትበያት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በላካችሁልኝ ደብዳቤ ላይ እህቴ እቤት እንደምትወልድ፣ አልጋውም ወደ መስኮቱ እንደተጠጋ፣ አዋላጇም እንደተነገራት ጽፋችሁልኛል። አይሆንም። እማዬ ስሞትልሽ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ አይሆንም! የሐኪሟን ወረቀት ይዛችሁ ደም ወደሚገኝበት ትልቁ ሆስፒታል ሂዱ። ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ደብዳቤው በደረሳችሁ በማግስቱ ሂዱ። የእህቴ ደም ይታይ። እኩል በእኩል ነው፤ ሊኖርባትም ላይኖርባትም ይችላል። ከሌለባት እሰየው፣ በኔ ትስቃለች፣ አልጋችሁንም መልሳችሁ ታስጠጋላችሁ። ካለባት ግን ሐኪሞቹ አስቀድመው ይዘጋጁላት። ከወለደች በኋላም ቶሎ ወደ ቤት እንውሰዳት ብላችሁ እንዳትጨቀጭቁ። ቤት ከገባችም በኋላ ደሙ ካየለ፣ ጎረቤት ሁሉ «የአራስ ደም ያለ ነው» ቢላችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉ፤ ተሸክማችሁ ተመለሱ። አዋላጇ እንዳይከፋት አብራችሁ ውሰዷት። እህቴንም እኔንም የተቀበለች ባለሙያ ናት፣ ቢያንስ እጇን ትያዝላት።

«ያቺን እህቴን ያጣሁ ሳያንሰኝ ልጄን ለማላውቃቸው ሰዎች አሳልፌ ልስጥ?» ልትዪ ነው። አውቅሻለሁ። እዚያም ከአጠገቧ ማንም አያስነሳሽም፤ ማን አባቱ ደፍሮ! አንቺ ትጠብቂያታለሽ፣ እነሱ ደግሞ አንቺ የሌለሽን መድኃኒት ይይዙልሻል። ለብቻሽ እንዳትጠብቂ ነው የምለምንሽ።

ሌላው ያ አስፕሪንሽ ነው። ራሴን ቢሉሽ አስፕሪን፣ ወገቤን ቢሉሽ አስፕሪን፣ ፍቅር ያዘኝ ብሎ የመጣ ሰውም ካንቺ ዘንድ አስፕሪን ሳይውጥ አይወጣም። ሐኪሟ አስፕሪን የሚለውን ቃል ስነግራት ከወንበሯ ተነሳች። ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ እንዲህ ላለ ሰው ጠላት ነው። መሐረብሽ ጫፍ ላይ የቋጠርሽውን ፈትተሽ አስወጪው። ሕመም ሲኖር ምን እንደሚወሰድ ሐኪሞቹ ይነግሯችኋል። እህቴን በተለይ አደራ፣ ደብቀሽ እንዳትሰጫት!

አንቺም ክንድሽን ትሰጫለሽ። «እኔ ያረጀሁት፣ ለኔ ምን ያደርጋል» የሚለውን ዘፈን አልሰማም። ያቺን የምትወዛወዝ ጥርስሽን ሊነቅሉልሽ ቀጠሮ ይዘሻል አይደል? ደምሽ ሳይታይ ማንም ጉጠት እንዳያነሳብሽ። ወንድማችንም ይታይ፤ የእናቱ ልጅ ነውና፣ ወንድ ነኝ ብሎ እንዳይጀነን፣ ወንድንም ይይዛል።

ስለኔ ሐሳብ አይግባሽ። ስሙንና መድኃኒቱን የያዘ ካርድ ሰጥተውኛል፣ ከመታወቂያዬ ጋር ይዤው እዞራለሁ። ሽቦ በጣቶቼ በመጠራጠሩ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ፈልጎ ቃል ሲያጣ፣ ከምላጭ ሥራ ላንሳሽ ወይ አለኝ። ምላጩ እኮ ተዘግቶ ነው ያለው፣ እኔን የሚያስፈራኝ የናንተ ደረጃ ነው አልኩት። ደረጃችን አንድ እርከን የጎደለው ነበር። ዛሬ ጠዋት ተሠርቶ አገኘሁት።

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ምስጢሩን በማውጣቴ ይቅር ይበለኝ፣ ሳሉንም ይታይ። መካኒኩን እንዳይፈራ ንገሪልኝ፤ የግድ ከፈራም ኮሪደር ወጥቶ ይፍራ፣ እህቴ ፊት አይሆንም። ሹፌሩን ወንድሜን መኪናውን አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ፣ መንገድ ላይም እንዳይከንፍ በዪልኝ። አዋላጇን እጅ ንሺልኝ። አንቺ ለፍላፊዋ እህቴ፣ ሆድሽን በዓይኔ ለማየት እንኳ ጊዜ ሳትሰጪኝ እናት ልትሆኚ ነው አይደል? እወድሻለሁ። ፈርተሽ እንደሆነም አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ፈርተሽም ቢሆን ሂጂ።

ለሚመጣው ሕፃንም ሰላምታ አለኝ። ወንድ ከሆነ ስሙን አባቱ ያውጣለት። ሴት ከሆነች ግን እማዬ፣ የአክስቴን ስም ስጫት። ያን ስም በቤታችን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ አባዬም የነገረኝ በሹክሹክታ ነው። በልጅቷ ላይ ክፉ ነገር እንዳይጠራባት ብለሽ እንደምትፈሪ አላጣሁትም። እህትሽን የገደላት ስሟ አይደለም እማዬ። አንቺም አይደለሽም። ከሁሉም ሰው ቀድመሽ አንቺ ጥሪያት፣ ጮክ ብለሽ፣ ልጅቷ ዞር ብላ እንድታይሽ።

የምትወድሽ የመጀመሪያ ልጅሽ

ከሥራ ቤታችን ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ውጤቱን በሰማሁ በማግስቱ።